ወደ ኋላ የምትራመደዋ ልጅ

ቲያትሬ፣ እንደምን አለሽ?

በዚህ ስም የሚጠራሽ ሰው ዛሬም መኖሩን እንጃ። ዶርም ያወጣንልሽ ስም ነው። ባልሽ ቢያነበው ምን ይል ይሆን? ቢሆንም ሌላውን ስምሽን ለመጥራት አፌ እሺ አይለኝም።

ካወራን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ቆጥሬዋለሁ። መጀመሪያ ይህንን ልናገርና ልገላገል። የእናትሽን፣ የእማማን ማረፍ በቴሌግራም ያየሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ስወጣ እደውላለሁ አልኩ። ስወጣ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሰው ይበዛል፣ ነገ ይሻላል አልኩ። ነገ ሌላ ሰበብ መጣ። ሳምንት ሲሞላ አፈርኩ፣ አርባው ሲያልፍ ይበልጥ አፈርኩ፣ ዓመት ሲሞላቸው ጭራሽ ስምሽ ስልኬ ላይ ብቅ ሲል ልቤ መምታት ጀመረ። በየወሩ ዳቦ ቆሎና ጩኮ ቋጥረው የዶርሙ በር ላይ የሚቆሙ፣ አንድም ቀን ያንቺን አብዝተው የእኔን ያላሳነሱ ሴት አርፈው፣ እኔ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የምትል አንዲት ቃል ማለት አቃተኝ። ምክንያት የለኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ካላደረግሽልኝም ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ዛሬ እንድጽፍ ያደረገችኝ ግን አንዲት ወደ ኋላ የምትራመድ ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቋ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች። አዎ፣ ያቺ ገና በአራስ ቤት ፎቶዋን አይተሽ «ግንባሯ ያንቺው ነው፣ አዝንላታለሁ» ያልሽባት። እዚህ አሜሪካ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ሲደርስ ኮሌጅ የሚያመለክተው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። የፖስታ ሳጥናችን በየቀኑ በኮሌጅ ወረቀት ይሞላል፤ ሁሉም ወረቀት ላይ ሣር ላይ ተቀምጠው የሚስቁ ልጆች አሉ። ካምፓስ ቱር የሚሉት ነገርም አለ። ቀድመሽ ትመዘገቢያለሽ፣ አንድ ተማሪ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ግቢውን ያዞርሻል፣ ቤት ልትከራዪ ስትሄጂ ደላላው ክፍል ለክፍል እንደሚያዞርሽ ማለት ነው። ልጄ የመረጠችው ማካሌስተር የሚባል ኮሌጅ ነው፣ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ።

በስኔሊንግ ጎዳና ስንትና ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ትንሽ ዘለቅ ብሎ የአበሻ ምግብ ቤት ስላለ ክትፎ ሲያምረን መንገዳችን እሱ ነው። ታዲያ በአጠገቡ ሳልፍ ኮሌጅ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም፣ ምክንያቱም አጥር የለውም። ለእኔ ግቢ ማለት አጥር፣ በር፣ ዘበኛና «መታወቂያ!» ነው። እዚህ ከእግረኛ መንገዱ ወደ ሣሩ ትገቢያለሽ፣ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሌሊቱን የአረጋውያን ቤት አድሬ ቀጥታ ከሥራ ነው የሄድኩት፣ በዚያ በነጩ የሥራ ጫማዬ። ልጄ ጫማዬን አየችና ምንም አላለችም፤ ምንም አለማለቷ ግን ተሰማኝ። ሌሎቹ ወላጆች አዲስ ጃኬት ለብሰው ቡና በወረቀት ኩባያ ይዘዋል። ዛፎቹ ቀልተው ቢጫ ሆነው፣ መሬቱ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ያ የጥቅምት ብርድ ገና አፍንጫ ላይ ብቻ የሚሰማበት ሰዓት።

አዟሪያችን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ፣ በጀርባዋ እየሄደች ነው የምታወራው። ደረጃ ስትወርድ አትዞርም። ሽኮኮ መንገዷ ላይ ሲገባ በምን እንደምታውቅ እንጃ፣ ዞር ብላ ታልፈዋለች። እኔ የምትለውን መስማት ትቼ እግሯን ነው የማየው፤ አሁን ወደቀች፣ አሁን ወደቀች እያልኩ። ከዚያ ራሷን ስታስተዋውቅ ምን አለች መሰለሽ?

«የማጠናው ጂኦግራፊና ቲያትር ነው።»

ቆምኩ። ሰዎቹ አልፈውኝ ሄዱ። ልጄ ተመልሳ «ማሚ፣ ምነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ፎርሙን የሞላንበትን ቀን ታስታውሻለሽ? አንደኛ ምርጫ ቲያትር ጥበባት፣ በዚያ ክብ ክብ ጽሑፍሽ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ባዶ ልተወው ብለሽ እኔ ነኝ በግድ ያስሞላሁሽ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ጂኦግራፊ ወጣልሽ። የማንም ጥፋት አልነበረም፣ ምደባው በነጥብና በቦታ ብዛት ነበር፣ ሁላችንም የደረሰንን ይዘን ነው የቆየን። አንቺም «ካርታው ላይ ቆሜ ተውኔት እጫወታለሁ» ብለሽ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ሆዳችን እስኪቆስል አሳቅሽን። ማታ ግን ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። ተኝታለች ብለሽ ነው። አልተኛሁም ነበር። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ይህንንም ነግሬሽ አላውቅም።

እና ያቺ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አለቻቸውና መራመዷን ቀጠለች። ወደ ኋላ።

ቆይ፣ መጀመሪያ እንዴት እንዳፈርኩ ልንገርሽ። ኮሌጁ ሊበራል አርትስ ነው ይላሉ። አርት ሲሉ እኔ ስዕል መሰለኝ። እጄን አወጣሁና «ልጄ ስዕል አትችልም፣ ምን ብታጠና ይሻላል?» አልኩ። «ማሚ!» የሚለው ድምፅ እስከ ጎረቤት ከተማ ሚኒያፖሊስ ሳይሰማ አልቀረም። አዟሪዋ ግን አልሳቀችብኝም፣ ተባረኪ አልኳት በልቤ። ስዕል አይደለም አለች። እዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ተማሪው ሁለት ሺህ ገደማ፣ ለአሥር ተማሪ አንድ መምህር። ማስተርስና ዶክትሬት ስለሌለ ፕሮፌሰሩ ጊዜው ለእነሱ ብቻ ነው፣ የሚያስተምረው ራሱ ነው፣ የቤት ሥራሽን የሚያርመው ራሱ ነው። ደግሞ ሜጀር የሚባለውን ዋና የትምህርት ዘርፍሽን የምትመርጪው እስከ ሁለተኛ ዓመት ማብቂያ ድረስ ነው። እስከዚያ ካለው ሁሉ ትቀምሻለሽ። ኬሚስትሪ የሚያጠናው ግጥም፣ ግጥም የሚያጠናው ስታትስቲክስ።

ሁለት ዓመት አስቢው። «አላወቅሁም ገና» ብለሽ ሁለት ዓመት መቀመጥ፣ ያውም በክብር! እኔና አንቺ የገባነው እኮ ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ከቀረ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አካውንታንት ነበርኩ። የፈለግሁት እሱን ነበር፣ ደስ ብሎኛል ብዬሽም ነበር። አሁን ሳስበው የፈለገው አባቴ ነው። እኔ ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ብጠየቅም መልስ አልነበረኝም። እዚያ ቆሜ ያስቀናኝ ሕንጻው እንዳይመስልሽ። ያቺ «አላወቅሁም ገና» ናት። አሁን ፍሬሽማን ተመልሷል አሉ አይደል፣ ደስ ብሎኛል።

ቤት ስገባ ትርጉሙን ፈልጌ አነበብኩ፣ እንቅልፌን ትቼ። ሊበራል የሚለው እንደ መሰለኝ ፖለቲካ አይደለም፣ ነጻ ከሚል የላቲን ቃል ነው የመጣው። የነጻ ሰው ትምህርት ማለት ነው፤ ባሪያ ያልሆነ፣ እጁ ሥራ ያልያዘ ሰው የሚማረው። ዱሮ በአውሮፓ ሰባት ነበሩ፤ ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ አመክንዮ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ የከዋክብት ጥናትና ሙዚቃ። ይህን ሳነብ ማን ትዝ አለኝ መሰለሽ? አያቴ። ጎጃም፣ ከንባብ ቤት ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ቅኔ ቤት፣ ቁራሽ እየለመኑ ውሻ እየተከላከሉ። ሰዋስው ተማሩ፣ ዜማ ተማሩ፣ ባሕረ ሐሳብ ቆጠሩ፣ ቅኔ ደግሞ ንግግርም አመክንዮም ነው። ከሰባቱ አብዛኛውን ይዘውት ነበር እኮ! ሥራ ታገኝበታለህ ወይ ያላቸው ሰው የለም። እናታቸው ብለዋቸው ይሆናል።

ወደ ግቢው ልመልስሽ። ኦልድ ሜይን የሚሉት ጥንታዊ የቀይ ጡብ ሕንጻ አለ፣ ከፊቱ ሰፊ ሣር። ከዚያ ግድግዳው መስተዋት የሆነ ጸሎት ቤት። መሥራቾቹ ፕሬስቢቴሪያን ነበሩ፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ከመሥራቾቹ ዋናው፣ ኒል የሚባል ቄስ፣ ስሙ አንድ ሕንጻ ላይ ነበር። ስለ አገሩ ነባር ሕዝቦች የጻፈው ክፉ ነገር ሲወጣ እ.ኤ.አ. በ2019 ስሙን አነሱት። አዟሪዋ ይህን ሳትደብቅ ስትነግረን ገረመኝ። እኛም እኮ ስም በማንሳት አንታማም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል የነበረው አንድ ቀን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ አደረ። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ በሪደርስ ዳይጀስት መሥራች ስም ነው፣ እዚሁ የተማረ። አባትሽ አሮጌውን ከመርካቶ እየገዙ የሚያስነብቡሽ መጽሔት፣ እሱ ነው። ዓለም ጠባብ ናት።

ባግፓይፕ የሚባል የስኮትላንድ ቧንቧ የሚነፋ ተማሪም አየን፣ ብቻውን ሣሩ ላይ። ስለ ድምፁ ምንም አልልሽም። አንድ ሽማግሌ አባት ደግሞ ሜዳው ጋ ስንደርስ እየሳቁ የእግር ኳስ ቡድኑን ታሪክ ነገሩን፣ የአሜሪካኑን ኳስ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1980 ሃምሳ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። ሃምሳ! ቤት ገብቼ ለባሌ ስነግረው «እዚያ ትማር፣ የሽንፈት ትዕግሥት ከአባቷ ወርሳለች» አለ። ብሔራዊ ቡድናችንን ሲያይ ስንት ዓመቱ።

አሁን የምወደው ክፍል። ከአሜሪካ ባንዲራ ጋር የተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ተሰቅሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ እንደተሰቀለ ነው አለች። በ1959 አንድ የጋና ልጅ በስኮላርሺፕ መጣ፣ ኢኮኖሚክስ አጥንቶ በ1961 ተመረቀ። ኮፊ አናን፣ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የሆነው። ባንዲራው ከእሱ ቀድሞ እዚያ ነበር፣ ይገርማል አይደል? እሱ ራሱ ሲያወራው የኖረ ታሪክ አለ። የሚኒሶታ ብርድ ሲመጣ ልብሱን ደራረበ፣ የጆሮ መሸፈኛዋን ግን አስቀያሚ ናት ብሎ እምቢ አለ። አንድ ቀን ምግብ ሊበላ ወጥቶ ጆሮው ሊቆረጥ ደረሰ። በማግስቱ ሱቅ ሄዶ ያገኘውን ትልቁን መሸፈኛ ገዛ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን የእኔ ሳቅ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ ኮፍያ ፀጉሬን ያበላሽብኛል ብዬ አውቶቡስ ስጠብቅ ጆሮዬን ሳላውቀው ቀርቼ ነበር፤ ጻፍኩልሽ እኮ ያኔ፣ አንቺም «ነጠላ አጣፍተሽ ሂጂ» ብለሽ መለስሽልኝ።

እዚያ ላይ አላስቻለኝም፣ እጄን ደግሜ አወጣሁ። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። «ኮፊ አናን እኮ አዲስ አበባም ሠርቷል፣ ኢሲኤ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ» አልኳቸው። አዟሪዋ አታውቅም ነበር፣ ከልቧ ደስ አላት፣ ከዛሬ ጀምሮ ቱሩ ላይ እጨምረዋለሁ አለች። ልጄ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ያን ያህል አላሳፈርኳትም ማለት ነው።

ሁሉም ወርቅ ነው እያልኩሽ አይደለም። ያሳዩን የመኝታ ክፍል እንደ ሆቴል የተነጠፈ ነው፤ እኔና አንቺ የኖርንበትን ዶርም የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ አልጋ አያምንም። ቱር ማለት ያማረውን ማሳየት ነው። ዋጋውን ደግሞ ብነግርሽ ትወድቂያለሽ። ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ተደምሮ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በዓመት! ወደ ብር አትቀይሪው፣ ለጤናሽ። የተቀበሉትን ተማሪ ግን ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን ይላሉ። የምችለውን የሚተምኑት እነሱ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ገቢያችንን፣ ዕዳችንን፣ የባሌን መኪና ሳይቀር ሞልቼ ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ማስሊያ ሞከርኩት፤ አካውንቲንግ ለአንዲት ሌሊት ጠቀመችኝ። የወጣው ቁጥር ከፈራሁት በብዙ ያነሰ ነው። ቢሆንም ቁጥር ነው። ገና አልወሰንንም፣ ደግሞስ መቼ ተቀበሏት።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሲበተን አዟሪዋን ለብቻዋ ጠበቅኳት። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ደስተኛ ነሽ እዚህ?» አልኳት። አሰበች። «ፌብሩዋሪ ላይ፣ ብርዱ ሲጠና፣ ደስተኛ አልነበርኩም» አለች። ይህን መልስ ከሙሉው ቱር በላይ አመንኩት። ከዚያ ጂኦግራፊና ቲያትር እንዴት አንድ ላይ እንደሚሄዱ ጠየቅኳት። እየተፍለቀለቀች፣ ሁለቱም ቦታ ነው አለች፣ ሰው የት እንደሚቆም፣ ከየት እንደሚገባ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሆነ። አንድ ጓደኛ አለችኝ፣ አዲስ አበባ፣ ካርታው ላይ ተውኔት እጫወታለሁ ብላ ነበር አልኳት። «እና ተጫወተች?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ካልደወልኩልሽ ከየት አባቴ አውቃለሁ? የወላጆች ቀን ሲደርስ ተማሪዎችሽን ድራማ ታሠሪያለሽ ሲሉ ከሰው ሰምቻለሁ፣ ከዚያ በላይ አላውቅም። አሁንም እሱን ትምህርት ቤት ነሽ? ድራማው የምን ነበር? ራስሽስ አንድ ገጸ ባሕርይ ትይዣለሽ ወይስ መጋረጃ ጀርባ ቆመሽ ነው? ጻፊልኝ፣ ለዚያች ልጅ መልስ አለብኝ።

መኪና ውስጥ ልጄ ዝም ብላ ቆየችና «ያንቺ ዩኒቨርሲቲ ቱር ነበረው?» አለችኝ። የለውም አልኳት፣ እኛን ያዞረን እግራችን ነው። በይ አሁን አዙሪኝ አለች። ትራፊኩ ተዘጋግቶ ስለነበር በቃል አዞርኳት። ከስድስት ኪሎ አደባባይ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት ጀመርኩ። ማዶ አንበሳ ግቢ፣ ሌሊት ዶርም ድረስ የሚሰማው ጩኸት። በሩ፣ ዛፎቹ፣ ከዚያ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። ንጉሡ በእኛ አቆጣጠር ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ መኖሪያቸውን ለተማሪ መስጠታቸውን ነገርኳት፣ «መኝታ ቤታቸው ሙዚየም ውስጥ ይታያል» ስላት አላመነችኝም። ከዚያ ያ ደረጃ። ወደ የትም የማይወስደው። ጣሊያን ፋሺስት ሥልጣን ከያዘበት ዓመት ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ እርከን እየጨመረ የሠራው፣ በኋላ ጫፉ ላይ የእኛ አንበሳ የተቀመጠበት። አንቺ ከእርከኑ ላይ ቆመሽ ለእኔና ለሽኮኮ ታዳሚ የምትተውኝበት።

«ስንት ደረጃ ነው?» አለችኝ።

ስንት ነበር? እዚያ ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን! አፌ ላይ አለ፣ አልመጣልኝም። ስልክ ላይ ልታይ ስትል ከለከልኳት። የምጠይቃት ሰው አለች አልኳት።

እና ቲያትሬ፣ እባክሽ በዚያ በኩል ስታልፊ ግቢልኝ። መታወቂያ ቢሉሽ መምህር ነኝ በያቸው። ከታች ጀምረሽ አንድ በአንድ ውጪ፣ ስትወጪ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፣ ድምፅሽን ቅጂና በቴሌግራም ላኪልኝ።

ያንቺው፣
ከመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ